ለሰመር ፕሮግራም ከመበደር በፊት

ሰላም ወገኖቼ፣

ባለፈው አንድ አባት ልጃቸው 11ኛ ክፍል ልትጨርስ መሆኑን ጽፈው፣ በአንድ ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ ግቢ ለሚሰጥ የሰመር ፕሮግራም ተበድሬ ልክፈል ወይ ብለው ጠይቀዋል። እኔ አይበደሩ ባይ ነኝ። ለመጀመሪያ ልጄ እንዲህ ያለውን ከፍዬ ነበር። ደስ ብሏት ተመለሰች፣ ጓደኞችም አፈራች። የኮሌጅ ማመልከቻዋን ስትሞላ ግን ስለዚያ የምትጽፈው ብዙ ነገር አላገኘችም።

የሚያታልለን ስሙ ነው። አንዳንዱ ፕሮግራም ግቢውን የተከራየ ሌላ ድርጅት የሚያካሂደው ነው። ዩኒቨርሲቲው ራሱ ቢያካሂደውም፣ የከፈለውን ሁሉ የሚቀበል ከሆነ ለኮሌጅ መግቢያ ያን ያህል አያግዝም። ብርቱ ውድድር ካለባቸው መካከል ደግሞ ነጻ የሆኑ አሉ። ኤምአይቲ የሚባለው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚያካሂደው ማይትስ ሰመር ትምህርቱም፣ ማደሪያውም፣ ምግቡም በነጻ ነው። እንዲህ ያሉት ምዝገባቸውን የሚዘጉት ገና በብርዱ ወራት ስለሆነ፣ 10ኛ ክፍል ልጅ ያላችሁ ካሁኑ ቀኑን ያዙ።

ዘንድሮ ካመለጠስ? ልጁ ይሥራ። ደመወዝ የሚከፈልበት ተራ ሥራ ማለቴ ነው። ሁለተኛው ልጄ ሰመሩን ሙሉ ሱቅ ውስጥ ዕቃ ሲደረድር ከረመ። ማታ ታናሽ እህቱን ይጠብቃል። አያቱን ሐኪም ቤት ወስዶ የሚያስተረጉመውም እሱ ነበር። ብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች የሚቀበሉት የማመልከቻ ቅጽ፣ ኮመን አፕ ላይ ሲደርስ «እኔ እኮ ምንም አላደረግኩም» አለኝ። በጣም አዘንኩ፤ ምክንያቱም እኔም እንደ ቁም ነገር ቆጥሬለት አላውቅም። ቅጹ እስከ 10 እንቅስቃሴ ያስሞላል። ሥራም፣ የቤተሰብ ኃላፊነትም የየራሳቸው ምድብ አላቸው። የእኛ ልጆች ይህን ሳይሞሉ ያልፉታል፣ ባዶ ሆነው ይታያሉ። በሳምንት ስንት ሰዓት፣ በዓመት ስንት ሳምንት ተብሎ ስለሚጠየቅ ከወዲሁ በማስታወሻ ይመዝግቡ። ማብራሪያው 150 ፊደል ብቻ ስለሆነ «ቤተሰቤን እረዳለሁ» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ማንን፣ ስንት ጊዜ፣ ምን እያደረገ እንደረዳ ይጻፍ።

ትምህርት የሚወድ ልጅ ካለ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ አንድ ኮርስ ይውሰድ። በብዙ ስቴቶች ለሃይስኩል ተማሪ ክፍያው ቅናሽ ወይም ነጻ ነው። የትምህርት ቤቱን አማካሪ (ካውንስለሩን) ትምህርት ቤት ሳይዘጋ ያነጋግር። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉለትን አስተማሪዎችም ያኔውኑ ይጠይቅ።

የማመልከቻው ዋና ድርሰት ከ650 ቃል አይበልጥም፤ ግን ብዙ ጊዜ መጻፍና መሰረዝ ይፈልጋል። አዲሱ ኮመን አፕ ኦገስት 1 ይከፈታል። እስከዚያ አንድ ረቂቅ እጁ ላይ ይኑር። እባካችሁ እኛ አንጻፍለት። የልጁ ድምፅ ሲጠፋ ያስታውቃል።

ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነ ክዌስትብሪጅ የሚባለውን የስኮላርሺፕ ፕሮግራም እዩት። ማመልከቻው ነጻ ነው፤ የሚመረጡት የ4 ዓመት ሙሉ ስኮላርሺፕ ያገኛሉ። የሚዘጋው ሴፕቴምበር መጨረሻ ገደማ ስለሆነ የሚዘጋጁበት ጊዜ ሰመሩ ነው።

ለጠየቁት አባት፦ ልጅዎ ምን እንደምትወድ ቢጽፉልን ጥሩ ነው። በዚያ ሙያ የሚሠራ፣ ጥቂት ሳምንት አጠገቡ ሆና እንድታይ የሚፈቅድላት ሰው ከመሃላችን አይጠፋም።