ሲዲ4 ገና ከፍ ሳለ ኤችአይቪ ለተገኘበት ሰው የትኛው መድኃኒት ይሻላል?

ጠያቂ (አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምጠይቀው ለወንድሜ ነው፤ እሱም ፈቅዶልኛል። 31 ዓመቱ ነው። ለጋብቻ ሲመረመር ኤችአይቪ በደሙ ተገኘ። ሲዲ4ቱ፣ ማለትም ሰውነት በሽታ የሚከላከልበት የነጭ ደም ሕዋስ ቁጥሩ፣ 640 ነው። ምንም አያመውም፣ ስፖርት ይሠራል፣ ሥራውም ላይ ነው። በዚያው ቀን ቲኤልዲ የሚባለውን ኪኒን ሊያስጀምሩት ሲሉ "ትንሽ ላስብበት" ብሎ መጣ።

ግራ የገባን ይሄ ነው። ሲዲ4ቱ እንዲህ ከፍ ካለ ለምን አይቆይም? አክስታችን ድሮ ከ200 በታች እስክትወርድ ነበር ያስጠበቋት። ደግሞ እሷ ማታ ማታ የምትውጠው ኪኒን ያዞራትና ያቃዣት ነበር። ይሄም ያው ነው? አሜሪካ ያለው የአጎታችን ልጅ ደግሞ "እዚህ የሚሰጠው ይሻላል፣ ልላክላችሁ" ይላል። የምታውቁ እባካችሁ ንገሩን።

ነርስ፣ ኤአርቲ ክሊኒክ

እህቴ፣ አይዟችሁ። የመጀመሪያውን እኔ ልመልስ።

ድሮ የሚጠበቀው መድኃኒቱ ውድ ስለነበረና የጎንዮሽ ጉዳቱም ስለሚከብድ ነው። ቀድሞ መጀመር ምን ያህል እንደሚጠቅምም በደንብ የተለካ ማስረጃ አልነበረም። በኋላ ግን ተለካ። ስታርት የተባለ ጥናት በ35 አገሮች 4,685 ሰዎችን ወሰደ። ሁሉም ልክ እንደ ወንድምሽ ሲዲ4ታቸው ከ500 በላይ ነበር። ግማሾቹ ወዲያው ጀመሩ፤ ሌሎቹ ወደ 350 እስኪወርዱ ጠበቁ። ውጤቱ በፈረንጆቹ 2015 ወጣ። ወዲያው ከጀመሩት 42 ሰዎች ከባድ ሕመም ወይም ሞት ደረሰባቸው፤ ከጠበቁት 96። አደጋው በ57 በመቶ ቀነሰ ማለት ነው። በተለይ ቲቢና አንዳንድ የካንሰር ዓይነቶች ቀነሱ። የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው ዓመት "የተገኘበት ሁሉ ይጀምር" አለ። እኛም አገር የሚሠራው በዚሁ ነው።

ሳይታመም መጀመሩ ትልቅ ዕድል ነው። በእኔ እምነት መድኃኒት ከማማረጡ በላይ የሚጠቅመው ይሄ ነው።

የፋርማሲ ባለሙያ

ወደ ኪኒኑ ልግባ። አክስትሽ የወሰደችው ኢፋቪሬንዝ ያለበት ሳይሆን አይቀርም። ማታ የሚወሰደውም፣ የሚያዞረውም፣ የሚያቃዠውም እሱ ነው። ቲኤልዲ ውስጥ ኢፋቪሬንዝ የለም። በአንዷ ፍሬ ውስጥ ሦስት መድኃኒት አለ፤ ቴኖፎቪር 300፣ ላሚቩዲን 300 እና ዶሉቴግራቪር 50 ሚሊ ግራም።

ዶሉቴግራቪርና ኢፋቪሬንዝ ገና መድኃኒት ባልጀመሩ ሰዎች ላይ ፊት ለፊት ተወዳድረዋል። ሲንግል በተባለው ጥናት ከ48 ሳምንት በኋላ ቫይረሱ በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ከ50 ቅጂ በታች የወረደላቸው በዶሉቴግራቪር 88 በመቶ፣ በኢፋቪሬንዝ 81 በመቶ ነበሩ። ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። በጎንዮሽ ጉዳት ምክንያት ያቋረጡት በኢፋቪሬንዝ 10 በመቶ ሲሆኑ በዶሉቴግራቪር 2 በመቶ ብቻ ናቸው። ሰው የማያቋርጠው መድኃኒት ነው የሚያድነው። በዚያ ላይ ዶሉቴግራቪር ቫይረሱ በቀላሉ የሚላመደው መድኃኒት አይደለም።

እንከን የለውም ማለት ግን አይደለም። አንዳንዱን ሰው እንቅልፍ ይነሳዋል፤ እንዲህ ከሆነ ጠዋት ይውሰደው። ክብደትም ይጨምራል። ደቡብ አፍሪካ የተደረገው አድቫንስ የተባለ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል፣ በሴቶች ላይ ይበልጥ። ቴኖፎቪር ደግሞ ኩላሊት ላይ ጫና ሊያሳድር ስለሚችል ክሪያቲኒን የሚባለው የኩላሊት የደም ምርመራ ይታይለት።

ከሜሪላንድ

እኔ እዚህ ቢክታርቪ ነው የምወስደው። ደስተኛ ነኝ፤ ግን አትላኩለት ባይ ነኝ። በውስጡ ያለው ቢክቴግራቪር የዶሉቴግራቪር የቅርብ ዘመድ ነው። ሁለቱን ያወዳደሩ ጥናቶች ላይ ውጤታቸው ተቀራራቢ ነው። የዋጋው ልዩነት አያታልላችሁ። እዚህ ያለ ኢንሹራንስ በወር ከ3,000 ዶላር በላይ ነው የሚጠየቀው። ቲኤልዲ በዓለም አቀፍ ግዢ ለአንድ ሰው ለዓመት ከ45 ዶላር በታች ነው። ይሄ የፈጠራ መብትና የገበያ ጉዳይ እንጂ የጥራት ደረጃ አይደለም።

ደግሞስ ዕቃው ጉምሩክ ላይ ቢዘገይ? የሚያመጣው ሰው ጉዞው ቢሰረዝ? እዚያው በነፃ የሚያገኘው ሳይቋረጥ የሚመጣለት ነው።

ጠያቂ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ዛሬ ማታ አብረን አነበብነው። ሁለት ነገር ቀረ። ጨጓራ አለበት፣ የሚታኘክ መድኃኒት ይወስዳል። እናታችን ደግሞ "መጀመሪያ ጸበል ይግባ" ብላለች። እጮኛውስ?

የፋርማሲ ባለሙያ

ጥሩ ጠየቅሽ። የሚታኘከው ማግኒዥየም ወይም አሉሚኒየም ካለበት ዶሉቴግራቪርን ጨጓራ ውስጥ ይይዘውና ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋል። ቲኤልዲውን ከእሱ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ቆይቶ ይውሰድ። አይረንና ካልሲየምም እንዲሁ ናቸው፤ እነሱን ግን ከምግብ ጋር ከሆነ አብሮ መውሰድ ይቻላል። ኦሜፕራዞል ችግር የለውም።

ወደፊት ቲቢ ቢይዘውና ሪፋምፒሲን ቢጀምር ዶሉቴግራቪር በቀን ሁለት ጊዜ መሆን አለበት። ለስኳር ሜትፎርሚን የሚወስድ ሰው ካለም መጠኑ በቀን ከ1,000 ሚሊ ግራም አይለፍ። የሚወስደውን ሁሉ፣ የባህል መድኃኒትም ቢሆን፣ ለክሊኒኩ ይንገር።

ባለትዳር፣ ባሕር ዳር

እኔ ቫይረሱ በደሜ አለ፣ ባለቤቴ ነፃ ናት፣ ልጆችም አሉን። ፓርትነር የተባሉት ጥናቶች አንደኛው ወገን ብቻ ቫይረሱ ያለበትን ጥንዶች ለዓመታት ተከታትለዋል። ቫይረሱ በመድኃኒት ከ200 ቅጂ በታች በሆነበት ጊዜ ከአጋር ወደ አጋር የተላለፈ አንድም አልተገኘም። እጮኛው ትመርመር። ነፃ ከሆነች የእሱ ቫይረስ እስኪወርድ ኮንዶም ይጠቀሙ፤ ነፃ የሆነ ሰው እንዳይያዝ ስለሚወስደው የመከላከያ ኪኒን፣ ስለ ፕረፕም ይጠይቁ። ሠርጉ መቅረት የለበትም።

ለእናትሽ ደግሞ ይህን ንገሪያቸው። ነፍሳቸውን ይማርና አቡነ ጳውሎስ በፈረንጆቹ 2007 ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን፣ አብሮ መውሰድም ኃጢአት እንዳልሆነ አስተምረዋል። ጸበሉን ይጠመቅ፣ ኪኒኑንም ይዋጥ። "መጀመሪያ" የሚለው ብቻ ይቅር።

ነርስ፣ ኤአርቲ ክሊኒክ

ሲመለስ ሦስት ነገር ይጠይቅ። የቲቢ ምልክት ማጣሪያ ተደርጎለታል? ሄፓታይተስ ቢ ታይቷል? ክሪያቲኒንስ? ሄፓታይተስ ቢ ካለበት ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን ለእሱም ይሠራሉ። ስለዚህ በራሱ ፈቃድ ቢያቆም ጉበቱ ክፉኛ ሊቆጣ ይችላል። በ6ኛው ወር የቫይራል ሎድ፣ ማለትም በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን የሚለካበት፣ ናሙና ይሰጣል። ውጤቱን ቁጥሩን ይጠይቅ፤ "ደህና ነው" በሚለው ብቻ አይመለስ።