ኮምቦልቻ፦ አዲስ የስፌት ኦፕሬተሮች ሦስት ወር ሳይሞላቸው እየለቀቁ ነው፤ ከየት እንጀምር?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ጉዳዩ ኮምቦልቻ ያለ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው። አዳዲስ ኦፕሬተሮች ሠልጥነው ላይን (የምርት መስመር) በገቡ በሁለት ሦስት ወር ውስጥ ይለቃሉ፤ ምርቱም ከዕቅድ በታች ነው። ወሩን ሙሉ ሳይቀር ለተገኘ የአቴንዳንስ ቦነስ አለ፣ ግን ለውጥ አላመጣም። ማኔጅመንቱ ቦነሱ ይጨመር ይላል። የሰው ሀብት ክፍሉ ምን ቢያደርግ ነው ሠራተኛውም ምርቱም የሚጸናው?

መልስ 1
ከመጨመሩ በፊት አከፋፈሉን አስተካክሉ። አንድ ቀን የቀረች ሙሉውን የምታጣ ከሆነ፣ በወሩ 3ኛ ቀን ልጇ የታመመባት ሠራተኛ ከዚያ በኋላ ባትመጣም የሚቀርባት ቦነስ የለም። በየሳምንቱ ከፋፍሉት፤ የሐኪም ወረቀት ላመጣች አትቁረጡባት።

ከዚያ የደመወዝ ወረቀቱን እዩት። «ኦቨርታይም» ተብሎ ድምሩ ብቻ ከሰፈረ ማንም አያምነውም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ኦቨርታይም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ለምሳሌ 2,600 ብር ደመወዝ ለ208 ሰዓት (48 × 52 ÷ 12) ሲካፈል የሰዓቱ 12.50 ብር ነው። ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት በ1.5 ተባዝቶ 18.75 ይሆናል፤ ከምሽቱ 4 በኋላ በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ይባዛል። ሰዓቱ፣ ማባዣውና ብሩ ለየብቻ በአማርኛ ይጻፍ።

መልስ 2
በምርቱ በኩል ልጨምር። ዋናው ስንት ሰው ለቀቀ ሳይሆን ከየትኛው ማሽን ላይ ተነሣ ነው። በፖሎ ላይን ኮሌታ የምትገጥመው ስትለቅ እሽጉ ማሽኗ ሥር ይከመራል፤ ከእሷ ቀጥሎ ያሉት ሥራ ፈተው ይቀመጣሉ። አዲሷ ስትተካ ኮሌታው ይጣመማል፣ ኪው ሲ (ጥራት ተቆጣጣሪው) ይመልሰዋል፣ ተፈትቶ ይሰፋል። የጎደለውን ለማካካስ ኦቨርታይም ይጠራል፤ ያ ደግሞ ሌላዋን ያስለቅቃል። ለየከባዱ ኦፕሬሽን (እንደ ኮሌታ መግጠም ላለ የስፌት ሥራ) ሁለት ተተኪ አሠልጥኑ፤ ሁለተኛ ማሽን ለቻለች ደመወዝ ጨምሩላት።

ኢፊሸንሲውንም (ከተሠራበት ደቂቃ ስንት በመቶው ልብስ እንደወጣበት) በየሳምንቱ ከለቀቁት ብዛት ጎን ጻፉት። 30 ኦፕሬተር በ480 ደቂቃ፣ 12 ደቂቃ የሚፈጅ ልብስ 600 ካወጡ 50 በመቶ ነው (600 × 12 ÷ 14,400)።

መልስ 3
አብሽሩ፣ ብዙ ወጪ የማይጠይቅም አለ። ማታ 4 ሰዓት ለሚወጣው ፈረቃ ሰርቪሱ ሰፈር ድረስ ያድርስ፤ ደሴ የምታድር ልጅ በዚያ ሰዓት ሐረጎን (ወደ ደሴ የሚወስደውን ዳገት) በምን ትወጣለች? ዓርብ የምሳ ሰዓቱን ከጁምዓ ጋር አጣጥሙት፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከ5:30 እስከ 7:30 ያደርጉታል። በረመዳን የማታው ፈረቃ ዕረፍት መግሪብ ላይ ይዋል። ነፍሰ ጡርን ሌሊት ወይም ኦቨርታይም ማሠራት በአዋጁ ክልክል ነው፤ ሱፐርቫይዘሮቹ ይህን ማወቃቸውን አረጋግጡ።

ጠያቂ
አላህ ይስጥልኝ። የሚለቁበትን ምክንያት ማን ይጠይቃቸው?

መልስ 1
የላይኑ ሱፐርቫይዘር አይሁን፤ ምክንያቱ ራሱ ከሆነ አይነግሩትም። ደግሞ መልቀቂያ ካስገቡ በኋላ አትጠብቁ፤ በ7ኛው፣ በ30ኛውና በ60ኛው ቀን ጠይቁ።