ክርክር፦ ለኦፒዮይድ ጉልበቱ የበረታ ማርከሻ ያስፈልጋል?

ጠያቂው፦ ናሎክሶን፣ ኦፒዮይድ (እንደ ሞርፊንና ሄሮይን ያለ ሱስ የሚያስይዝ የሕመም ማስታገሻ) በዝቶበት ትንፋሹ የቆመን ሰው የሚመልሰው ማርከሻ፣ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። አሁን የሚገድለው ኦፒዮይድ፣ ፌንታኒል፣ ከሞርፊን ከ50 እስከ 100 እጥፍ ይበረታል። በድሮ ማርከሻ እስከ መቼ? በ2023 የተፈቀደው፣ አፍንጫ ውስጥ የሚረጨው ሌላ ማርከሻ፣ ናልሜፊን፣ ሰውነት ውስጥ ለሰዓታት ይቆያል። ገንዘቡ እንዲህ ያለው ላይ ይፍሰስ ባይ ነኝ።

ነርሷ፦ ወንድሜ፣ "የበረታ" ሲባል ለጆሮ ደስ ይላል። ከንፈሩ የጠቆረ ሰው ግን የሚያስፈልገው ትንፋሽ ነው፣ ብድግ ብሎ መቀመጥ አይደለም። ማርከሻው ሲበዛ ኦፒዮይዱን አንጎል ውስጥ ከያዘው ቦታ ባንዴ ይነቅለዋል። ሰውዬው ያስመልሰዋል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ያዳነውን ይሳደባል። ማርከሻው ሰዓታት ከቆየ ስቃዩም ሰዓታት ነው፤ ያን ለማስታገስ ሮጦ መልሶ የሚወስድ አለ።

ሦስተኛው፦ ይሳደብ፣ ይኑር ብቻ! ናሎክሶን የሚሠራው ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ነው። ነቃ ብለሽ ስትሄጂ ትንፋሹ መልሶ ቢቆምስ?

ነርሷ፦ ታዲያ ማን ሂድ አለህ? አጠገቡ ትቀመጣለህ፣ አምቡላንስ ትጠራለህ፣ ካስፈለገ ትደግመዋለህ። የኒውዮርክ ግዛት ፖሊሶች የሰጡት ባለ 4 እና ባለ 8 ሚሊግራም ናሎክሶን ተነጻጽሮ ውጤቱ በ2024 ወጥቷል። በሕይወት በመትረፍ ልዩነት የለም። ማስመለሱ ግን በባለ 8ቱ ብሷል።

ፋርማሲስቱ፦ ዛይላዚንን ረሳችሁት። የእንስሳት ማደንዘዣ ነው፣ ከፌንታኒል ጋር ይቀላቅሉታል። ኦፒዮይድ ስላልሆነ ናሎክሶንም ናልሜፊንም አይነኩትም። ስለዚህ አዲስ ምርምር ካልን ሌላ መንገድ ይሞከር፤ ፌንታኒልን ደም ውስጥ ይዞ አንጎል እንዳይደርስ የሚያግድ ፀረ እንግዳ አካል እየተሞከረ ነው። ለእሱ ገንዘብ ይፍሰስ ካላችሁ አብሬያችሁ ነኝ። ያው ናሎክሶን በትልቅ ዶዝና በአዲስ ካርቶን መሸጡ ግን አይዋጥልኝም።

ወንድሙን ያዳነው፦ እኔ ወንድሜን መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ነው ያገኘሁት። ናሎክሶኑ ቤታችን ነበር፣ መሳቢያ ውስጥ፣ ማሸጊያው ሳይቀደድ። እጄ ተንቀጥቅጦ በጥርሴ ቀደድኩት። አንዱን ረጭቼ አፍ ላፍ እየተነፈስኩለት ጠበቅኩ፤ ሦስት ደቂቃ ገደማ ሲሆን አንኮራፋ። ስለ ሚሊግራም አላሰብኩም፣ መኖሩን ብቻ ነው ያሰብኩት።

ጠያቂው፦ እግዚአብሔር ይመስገን። እሺ፣ በጉልበቱ ተረታሁ። በቆይታው ግን አልተረታሁም። አምቡላንስ ሁለት ሰዓት የሚፈጅበት ቦታስ?

ነርሷ፦ እሱ እውነተኛ ጥያቄ ነው። እዚያ ለሚኖር ሰው አንድ ሳይሆን ሦስት አራት ናሎክሶን፣ አፍ ላፍ መተንፈስም እናስተምረው። ናልሜፊኑን ከዚያ በኋላ እንነጋገርበታለን።