እህትሽን ከመውሰድሽ በፊት

እንደምን ሰነበታችሁ ወገኖቼ? ውጭ አገር የምትኖር አንዷ እህታችን «ታናሼ አዲስ አበባ በሶሻል ወርክ ተመርቃለች፤ አረጋውያን እንድትንከባከብ ወደዚህ ላምጣት ወይ?» ብላ ጠይቃለች። እኔ 9 ዓመት ውጭ አገር አረጋውያን ስንከባከብ ኖሬ ተመልሻለሁ። አሁን ፒያሳ ነኝ፤ ጎዳና ከወጡ ልጆችና ከቤተሰቦቻቸው ጋር እሠራለሁ።

መጀመሪያ የቪዛውን ነገር። እንግሊዝ በ2022 እ.ኤ.አ. ለተንከባካቢዎች የከፈተችውን በር ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ከውጭ ለሚቀጠር አዲስ ሰው ዘግታለች። «እኔ አስገባታለሁ፣ ብር አምጪ» የሚል ደላላ ካለ አትስሚው። ጀርመን በሙያ ሥልጠና በኩል መግባት ይቻላል፤ ቋንቋውን በደንብ መያዝ ግን ግድ ነው።

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ ልምጣ። ልጆቻችን እዚህ አገር የሶሻል ወርክን ሥራ ለምን ይተዉታል? ደሞዙ ከወር ወር አያደርስም፤ እውነት ነው። ግን እሱ ብቻ አይደለም።

አምና አንዲት ጎበዝ ልጅ ተቀጠረችልን። የምትከታተላቸው ቤተሰቦች ሰፈራቸው ፈርሶ ከፒያሳ ወደ ከተማው ዳር፣ ገላን ጉራ ተዛውረው ነበር። ታክሲ እየቀያየረች፣ ከራሷ ኪስ እየከፈለች ትሄዳለች። አንድ ቀን ስትደርስ፣ ስንት ወር ለፍታ ከእናቱ ጋር ያገናኘችው ልጅ ተመልሶ ጎዳና ወጥቷል። ቢሮ ገብታ ጫማዋ ጭቃ እንደያዘ ዝም ብላ ተቀመጠች። «ሪፖርቱን ዛሬ አስገቢ» አልናት። እኔም ያን ቀን እዚያው ነበርኩ፤ «ምን ሆንሽ?» አላልኳትም። ከዚያ በ3ኛው ወር ትታን ባንክ ተቀጠረች።

ውጭ ሳለሁ በየወሩ አንድ ሰዓት ከእኔ ጋር የምትቀመጥ አለቃ ነበረችኝ። ማን እንደሞተብኝ፣ ማን እንደከበደኝ ትጠይቀኝ ነበር። እዚህ ያ ሰው ከየት ይምጣ? የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤታችን በ1959 እ.ኤ.አ. ነበር የተከፈተው። ደርግ ሲመጣ ተዘጋ፤ ስድስት ኪሎ እንደገና የተጀመረው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው። ወደ 30 ዓመት ገደማ ሙያው ተተኪ ሳያፈራ ቀረ ማለት ነው። ዛሬ ለጀማሪዎቹ ታላቅ መሆን የነበረባቸው እነዚያ ያልተማሩት ናቸው።

አሁን ሁለት ነገር ለውጠናል። የታክሲ ብር ጠዋት ከመውጣታቸው በፊት በእጃቸው ይሰጣል። አርብ ከሰዓት ደግሞ ቡና ይፈላል፤ ሪፖርት የለም፤ እያንዳንዱ የከበደውን አንድ ቤት ያወራል። ከዚያ ወዲህ የገቡት ሦስቱም አሁንም አብረውን ናቸው።

እዚያ በዚህ ሙያ ዓመታት ያሳለፋችሁ፣ ብር አልጠይቃችሁም። በሁለት ሳምንት አንዴ ከአንዲት ጀማሪ ጋር በስልክ አንድ ሰዓት ተቀመጡ። የምታውቁት ነገር እዚህ በጣም ያስፈልጋል።

አንቺም እህቴ፣ ታናሽሽ እስክትወስን ድረስ አርብ 9 ሰዓት ላይ ብቅ ትበል። ቡናው አይቀርም።