የብድር ገደቡና የሕግ ትምህርት ቤት ማመልከቻ፦ «ከዕዳ ያድናቸዋል» መባሉ ትክክል ነው?

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት፦
ባለፈው እሑድ በወላጆች ስብሰባ ላይ በሒሳብ ሥራ የሚታወቁ አንድ ወንድማችን «አዲሱ የብድር ገደብ ልጆቻችንን ከዕዳ ያድናቸዋል» ብለው ሲናገሩ አዳራሹ በሙሉ አጨበጨበ። ልጄ በመጪው መኸር ለሕግ ትምህርት ቤት ለማመልከት እየተዘጋጀች ስለሆነ ንግግሩ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 እዚህ አሜሪካ በተፈረመው ሕግ መሠረት፣ የትምህርቱን ወጪ እስከ መጨረሻው ይሸፍን የነበረው ግራድ ፕላስ የተባለው የፌዴራል ብድር ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች አይሰጥም፤ የሕግ ተማሪም በዓመት ከ50 ሺህ፣ በጠቅላላው ከ200 ሺህ ዶላር በላይ ከመንግሥት መበደር አይችልም። ቀሪውን ከየት እንደምናመጣው ሳይነግሩን ልጆቻችሁ ዳኑ ይሉናል?

ባለሒሳቡ፦
የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬም ከቃሌ አልመለስም። ወጪው የቱንም ያህል ቢያሻቅብ መንግሥት ያበድር ስለነበር ትምህርት ቤቶቹ ዋጋ ሲጨምሩ የሚገታቸው አልነበረም። ከ200 ሺህ ዶላር በላይ ዕዳ ተሸክመው የተመረቁ፣ ደመወዛቸው ከወለዱ ብዙም የማያልፍላቸው የወዳጆቼን ልጆች አውቃለሁ፤ ወላጆቻቸው የዕዳውን መጠን የሰሙት ከምርቃቱ ድግስ በኋላ ነው። ለሦስት ዓመት 150 ሺህ ዶላር የማይበቃበት ትምህርት ቤት ካለ ጥፋቱ የዋጋው እንጂ የገደቡ አይደለም።

የሁለተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ፦
ጋሼ፣ ስለ ዋጋው ያሉትን እቀበላለሁ፤ «ያድናቸዋል» ያሉትን ግን ልቀበል አልችልም። በዋሽንግተኑ የግል ዩኒቨርሲቲ በጆርጅታውን የሕግ ትምህርት ክፍያው ብቻ በዓመት ከ70 ሺህ ዶላር ያልፋል፤ የቤት ኪራይና ቀለብ ሲታከልበት ከገደቡ በላይ የሚተርፈውን ተማሪው ከግል ባንክ ይበደራል። ባንኩ ደግሞ ገቢና የቆየ ክሬዲት (የብድር አከፋፈል ታሪክ) የሌለውን ወጣት አብዛኛውን ጊዜ ያለ ዋስ አያበድርም፤ ያ ዋስ አባቱ ወይም አጎቱ ነው። ከዚህም የከፋ አለ፦ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም በበጎ አድራጎት ድርጅት ለሚሠራ ሰው ከ10 ዓመት ክፍያ በኋላ የሚሰረዝለት የፌዴራል ብድር ብቻ ነው። ለስደተኞች ወይም ለድሆች ተከሳሾች ጠበቃ እሆናለሁ ብሎ የገባ ልጅ ከግል ባንክ የወሰደውን የሚሰርዝለት የለም። እርስዎ ከዕዳ ዳነ የሚሉት ልጅ ከሚሰረዝ ዕዳ ወደማይሰረዝ ዕዳ ተዛወረ እንጂ አልዳነም።

ባለሒሳቡ፦
ልጄ፣ ከግል ባንክ እንዲበደር ማን አስገደደው? በዚሁ በዋሽንግተን የዲሲ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አለ፤ ክፍያው ከግሎቹ እጅግ ያነሰ ነው። ስም ስለምናመልክ እንጂ መንገዱ አልጠፋም።

ጠበቃው ከአሌክሳንድሪያ፦
ሁላችሁም የሦስት ዓመቱን ጄዲ፣ ማለትም መደበኛውን የአሜሪካ የሕግ ዲግሪ፣ ብቻ ለምን ታነሣላችሁ? ከአገር ቤት በሕግ ተመርቀን የመጣን ሰዎች አንድ ዓመት ኤልኤልኤም (የሕግ ማስተርስ) ተምረን የኒው ዮርክን የጥብቅና ፈተና መቀመጥ እንችላለን። የኛ ዲግሪ በዓመታት ርዝመት አይጎድልም፤ ሥርዓታችን ከኮመን ሎው፣ ማለትም በፍርድ ቤት ውሳኔዎች ላይ ከሚመሠረተው የሕግ ሥርዓት፣ ስለሚለይ የሚጎድለውን በ24 የትምህርት ክሬዲት ማሟላት ይፈቀዳል።

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት፦
ወንድሜ፣ ያ መንገድ ለእርስዎ የተከፈተ ነው። እዚህ ተወልዳ ከሜሪላንድ በባችለር ለተመረቀች ልጅ ግን ምንም አይፈይድም። እባክዎ ወደ ነገራችን እንመለስ።

ጠበቃው ከአሌክሳንድሪያ፦
እኛም የዚሁ ማኅበረሰብ ልጆች ነን፤ ሌሊት ፓርኪንግ እየሠራን የምንማረውን ማንም አያነሣንም።

የሁለተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ፦
ጋሼ «መንገዱ አልጠፋም» ላሉት፣ መንገዱን የሚያውቁት እነማን እንደሆኑ ልናገር። ስኮላርሺፕ በአብዛኛው የሚሰጠው በቤተሰብ ችግር ሳይሆን ከ120 እስከ 180 በሚታረመው የሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና፣ በኤልሳት ውጤትና በኮሌጅ ነጥብ ነው። ትምህርት ቤቶቹ የተማሪዎቻቸውን መካከለኛ ውጤት በየዓመቱ ለሕዝብ ስለሚያወጡ፣ ያንን ቁጥር ከፍ የሚያደርግላቸውን አመልካች በገንዘብ ይሻሙበታል። ማመልከቻው የሚከፈተው በመስከረም ገደማ ሲሆን ውሳኔውም እንደየአመጣጡ ስለሚሰጥ ቀድሞ የገባ ይጠቀማል። ኤርሊ ዲሲዥን የሚባለውን፣ ለአንድ ትምህርት ቤት ቀድሞ ቃል የሚገባበትን ማመልከቻ የፈረመ ልጅ ከተቀበሉት ለመግባት አስቀድሞ ስለታሰረ፣ የሌላ ትምህርት ቤት ደብዳቤ ይዞ «ጨምሩልኝ» ብሎ የመደራደር አቅሙን ያጣል። የተሰጠው ስኮላርሺፕም በውጤት የታሰረ ከሆነ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ሊነጠቅ ይችላል። ይህን ሁሉ በቤቱ ጠበቃ ያለው ልጅ በእራት ሰዓት ይሰማዋል። የኛ ልጅ ግን የሎጂክ ጌም (የአመክንዮ እንቆቅልሽ) ክፍል እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2024 ጀምሮ ከኤልሳት መውጣቱን ሳይሰማ፣ ሰው በሰጠው አሮጌ መጽሐፍ ያንኑ ሲያጠና ይከርማል። ገደቡ የሚይዘው ይህንን ልጅ ነው፤ ስኮላርሺፕ ያገኘው አይነካውም፣ አባቱ የሚከፍልለትም አይነካውም።

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት፦
እውነቱን ነው። የእኅቴ ልጅ ቀነ ገደቡ መጋቢት ነው ብላ በየካቲት መጨረሻ አመለከተች። ተቀበሏት፤ ነገር ግን የስኮላርሺፑ ገንዘብ አልቋል አሏት። ቀድማ ማመልከት እንደነበረባት፣ የኤልሳት ክፍያ ለማይችሉ እንደሚነሣም የነገራት ሰው አልነበረም። አዳራሽ ሞልተን ከማጨብጨብ ይህንን ለልጆቻችን ብንነግራቸው አይሻልም ነበር?

ባለሒሳቡ፦
መረጃ ማጣትና ብድር ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። መረጃ የሌለውን ልጅ ያለ ገደብ ማበደር የባሰ ይጎዳው ነበር እንጂ አይጠቅመውም ነበር። እኔ የምከራከረው ይህንን ነው፤ እናንተ ግን አንዲት ቃሌን ይዛችሁ ቀሪውን አልሰማችሁልኝም።

እትዬ ከፎልስ ቸርች፦
ልጆች፣ ተከባበሩ። መኪናም ቤትም በዕቁብ ገዝተናል፤ ለትምህርት ለምን አንጥልም?

ባለሒሳቡ፦
እትዬ፣ ዕቁብ ለኤልሳትና ለማመልከቻ ክፍያ ይበቃል፤ ለሦስት ዓመት የሕግ ትምህርት ግን አይደርስም።

የሁለተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ፦
እንግዲያውስ ጋሼ፣ በግልጽ ልጠይቅዎ። የእትዬ ሐሳብ ካልደረሰ፣ የወንድምዎ ልጅ ከገደቡ በላይ 30 ሺህ ዶላር ጎድሏት ባንኩ ዋስ ቢጠይቃት ይፈርሙላታል?

ባለሒሳቡ፦
አልፈርምም። ጥያቄው ደርሶብኛል፣ አልፈረምኩምም፤ ክፍያው ወደሚያንሰው ትምህርት ቤት እንድትገባ መክሬያታለሁ።

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት፦
እርስዎ በክሬዲትዎ ሊዋሱላት ያልደፈሩትን ልጅ ነው እንግዲህ በአዳራሹ ፊት ከዕዳ ዳነች ያሉን። ቅዳሜ የልጄን ማመልከቻ የሚያይልኝ የሕግ ተማሪ ወይም ጠበቃ ካለ እባካችሁ ጻፉልኝ፤ ከጋሼ ጋር ያለውን ክርክር በሚቀጥለው ስብሰባ እጨርሰዋለሁ።

ባለሒሳቡ፦
እመጣለሁ። የትምህርት ቤቶቹን የአሥር ዓመት የዋጋ ዝርዝርም ይዤ እመጣለሁ።