እናቴ የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ካደረገች በኋላ ከንፈሯ ይደነዝዛል፣ እጇ ይኮማተራል፤ ምን እናድርግ?

የማርቆስ ልጅ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቸኩዬ ነው የምጽፈው። እናቴ 58 ዓመቷ ነው። ለብዙ ዓመት እንቅርት ነበረባት። ማክሰኞ አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት የታይሮይድ ዕጢዋ ሙሉ በሙሉ ወጣ። ሐሙስ ቤት ገባን። ቁስሉ ደህና ነው። ግን ከትናንት ማታ ጀምሮ ከንፈሯ ዙሪያውን ይደነዝዛታል። የጣቶቿ ጫፍ ላይ ጉንዳን የሚሄድባት ይመስላታል። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ቡና ልትቀዳ ስትል እጇ ተኮማትሮ አልዘረጋም አለ፤ አውራ ጣቷ ወደ መዳፏ ገባ። ጎረቤቶች "ብርድ መቷት ነው፣ በቅቤ እሹላት" ይላሉ።
ሌቮታይሮክሲን (የታይሮይድን ሆርሞን የሚተካ ክኒን) እና ካልሲየም ታዞላታል። ካልሲየሙ በቀን 3 ጊዜ ነበር፤ "መድኃኒት በዛብኝ" ብላ አንዴ ብቻ፣ ጠዋት ከሌላው ጋር አብራ ትውጠዋለች። ቀጠሮዋ ሰኞ ነው። እስከዚያ ብንጠብቅስ?

ሲስተር (ቀዶ ሕክምና ክፍል የምሠራ)፦
ወንድሜ፣ ሰኞን አትጠብቁ። አሁን ይዘሃቸው ድንገተኛ ክፍል ሂድ፤ የቀረውን መንገድ ላይ ታነበዋለህ።
ይህ ብርድ አይደለም። ከታይሮይድ ጀርባ ምስር የሚያህሉ፣ ብዙ ጊዜ 4 የሆኑ ዕጢዎች አሉ። ፓራታይሮይድ ይባላሉ። ሥራቸው የደማችንን ካልሲየም መጠበቅ ነው። ካልሲየም ሲያንስ ሆርሞን ይለቃሉ። ሆርሞኑ ከአጥንት ያስወጣል፣ ኩላሊት በሽንት እንዳያባክን ያደርጋል፣ ቫይታሚን ዲን አንቅቶ አንጀት ከምግብ የበለጠ እንዲወስድ ያደርጋል። ታይሮይድ ሲወጣ የእነዚህ ዕጢዎች ደም ሥር ሊነካ ይችላል። ያኔ ለጊዜው ይደክማሉ። ሐኪሙ አጠፋ ማለት አይደለም፤ በጥንቃቄ ተሠርቶም ያጋጥማል። በብዛት የሚታየውም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ነው።
99 ከመቶ የሚሆነው ካልሲየማችን ያለው አጥንትና ጥርስ ውስጥ ነው። ደም ውስጥ ያለችው ግን ነርቭና ጡንቻን የምታረጋጋው ናት። እሷ ስትጎድል ነርቭ ያለ ምክንያት ይተኩሳል፣ ጡንቻ ይጨመድዳል። ጉሮሮ ከተጨመደደ ትንፋሽ ይዘጋል፤ ልብም ምቱ ሊዛባ ይችላል። ድምፃቸው ከታፈነ፣ ሲተነፍሱ ድምፅ ካሰሙ ወይም ካንቀጠቀጣቸው አንድ ደቂቃም አታባክኑ።
እዚያ ስትደርስ መጀመሪያ የምትናገረው "ማክሰኞ ታይሮይዷ ወጥቷል" የሚለውን ይሁን። ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና አልቡሚን (ደም ውስጥ ካልሲየምን የሚሸከም ፕሮቲን) እንዲለኩላቸው ጠይቅ፤ የልብ ምርመራም ይነሱ። በደም ሥር የሚሰጠው ካልሲየም በዝግታ፣ ልባቸው እየታየ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ ሰፈር ውስጥ "መርፌ እንውጋት" የሚል ካለ እምቢ በል።

ከሜሪላንድ፦
እኔም ከ4 ዓመት በፊት ልክ እንዲህ ሆኜ ነበር። ሌሊት ከንፈሬ ሲወረኝ ጭንቀት ነው ብዬ ዝም አልኩ። ስጨነቅ ደግሞ ቶሎ ቶሎ እተነፍሳለሁ፤ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ራሱ መኮማተሩን ያብሳል። እናትህን አረጋጋት፣ ቀስ ብላ ትተንፍስ። እኔ ከ5 ወር በኋላ ዕጢዎቼ ተመልሰው ካልሲየሙን አቁሜያለሁ። አይዞህ ወንድሜ፣ ግን ሂድ።

የማርቆስ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ደርሰናል። የካልሲየም ውጤቷ 6.9 ነው፤ ወረቀቱ ላይ ትክክለኛው ከ8.5 እስከ 10.5 ይላል። በደም ሥር ተሰጣት፣ እጇም ተፈታ። አስተኝተዋታል። ካልሲትሪዮል የሚባል የነቃ ቫይታሚን ዲ ጨምረውላታል። ለጨጓራዋም ኦሜፕራዞል ትወስድ ነበር፤ ችግር አለው?

ፋርማሲስት ከሐዋሳ፦
አለው። ካልሲየም ካርቦኔት ለመሟሟት የጨጓራ አሲድ ይፈልጋል፤ ኦሜፕራዞል ደግሞ አሲዱን ይቀንሳል። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ማግኒዚየምንም ያወርዳል። ለሐኪሟ ንገር፤ ሲትሬት የሚባለው የካልሲየም ዓይነት አሲድ ብዙም አይፈልግም።
ትልቁ ስህተት ግን አብሮ መዋጡ ነው። ካልሲየም ሌቮታይሮክሲንን ይይዘውና ሳይመጠጥ ይወጣል። ቢያንስ 4 ሰዓት ይለያዩ። ሌቮታይሮክሲን ጠዋት 12 ሰዓት በባዶ ሆድ በውሃ፤ የመጀመሪያው ካልሲየም 5 ሰዓት ላይ ከምግብ ጋር፤ ከዚያ 10 ሰዓት፣ ከዚያ ማታ 2 ሰዓት። አንጀት በአንድ ጊዜ በደንብ የሚወስደው እስከ 500 ሚሊ ግራም ያህል ስለሆነ ነው የሚከፋፈለው። 1250 የሚል የካርቦኔት ክኒን ውስጥ ያለው ንጹሕ ካልሲየም 500 ነው፤ በቁጥሩ አትደናገጡ።

የማርቆስ ልጅ፦
5 ሰዓት ላይ ከምግብ ጋር? እስከ 9 ሰዓት ነው የምትጾመው። በወተት ፈንታስ ጎመንና ጤፍ አይበቃትም?

ሲስተር፦
ጤፍ ጥሩ ካልሲየም አለው፤ የቦካ እንጀራም ካልቦካው ይሻላል። ጎመንም ጥሩ ነው። ቆስጣ ግን አትቁጠረው፤ ያለውን ካልሲየም ኦክሳሌት አስሮ ይይዘዋል። ለማንኛውም አሁን ምግብ መድኃኒቱን አይተካም። ለጾሙ የንስሐ አባታቸውን አነጋግር። እኔ ያየኋቸው ቄሶች ለታመመ ሰው "መድኃኒትህን ውሰድ" ነው የሚሉት። እናትህም ካንተ ይልቅ የእሳቸውን ቃል ይሰማሉ።

የማርቆስ ልጅ (ከ12 ቀን በኋላ)፦
አባ ራሳቸው ቤት መጥተው አናገሯት፤ አሁን በሰዓቱ ትወስዳለች። ካልሲየሟ 8.6 ገባ። መደንዘዙ የለም። "ድኛለሁ፣ ይቁም" ትላለች።

ሲስተር፦
እልል በሉ! ግን በራሳችሁ አታቁሙ። ሐኪሙ ደም እያየ ቀስ በቀስ ይቀንሰዋል። አብዛኛው ሰው በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይመለሳል፤ 6 ወር ካለፈ ግን ቋሚ ሊሆን ስለሚችል ክትትሉ ይቀጥላል። ካልሲትሪዮል ባለበት የደም ካልሲየም ከልክ በላይም ሊጨምር ይችላል። ውሃ ጥም ከበዛ፣ ሽንት ከበዛ፣ ሆድ ከደረቀ ወይም ግራ መጋባት ካየህ ቶሎ አስለካ። ሲቆይ ኩላሊት ውስጥ ጠጠር ይሠራል። ትርፍ ክኒንም ቦርሳቸው ውስጥ አይጥፋ።

የማርቆስ ልጅ፦
ዛሬውኑ ከነጠላዋ ጋር በምትይዘው ቦርሳ ውስጥ አስቀምጫለሁ።