ፒያሳ አካባቢ ልንገባ ነው፤ በሃይማኖት በኩል ምን ይጠብቀናል?

ከስቶክሆልም፦ ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ ጠቅልለን ልንገባ ነው፤ ቤት የምንፈልገው ፒያሳና አራት ኪሎ መሀል ነው። ሁለታችንም ያን ያህል ሃይማኖተኛ አይደለንም። ልጃችንም «የምን ሃይማኖት ነሽ?» ተብላ አታውቅም። አገር ቤት ያሉ ጓደኞቼ «ከአሁኑ ተዘጋጂ» እያሉ ያስፈራሩኛል። መንግሥትና ሃይማኖት በሕግ ተለያይተው የለም እንዴ?

ከፒያሳ፦ ተለያይተዋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥታዊ ሃይማኖት አይኖርም፣ አንዱም በሌላው ጉዳይ አይገባም ይላል። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ነበረች፤ ኢድም የሕዝብ በዓል የሆነው ሙስሊሙ ሚያዝያ 1966 አደባባይ ከወጣ በኋላ፣ በደርግ ዘመን ነው። ብቻ አንቺ እዚያ የለመድሽው «እምነትህን እቤትህ ያዘው» የሚባል ነገር እዚህ የለም። ሕጉ መንግሥትን ያስራል፤ ጎዳናው የራሱ ነው።

ዓርብ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ካለሽ ከ5:30 እስከ 7:30 አትልፊ። ለጁምዓ ሲባል የምሳ ሰዓቱ ይረዝማል፣ ክርስቲያኑም አብሮ ያርፋል (ማንም ቅር ሲለው አላየሁም)። ኬክ ቤት «የጾም ነው የፍስክ?» ትባያለሽ። ሥጋ ቤትም ከመግባትሽ በፊት በሩ ላይ መስቀሉን ወይም ጨረቃውን ታያለሽ። ልጅሽ በመጀመሪያው ሳምንት «የክርስትና ስምሽ ማነው? ማተብሽስ?» መባሏ አይቀርም። አብዛኛው ሰው የሚጠይቀው ምን ላብላችሁ፣ በየትኛው በዓል እንኳን አደረሳችሁ ልበል ብሎ ነው። ሁሉም ግን እንደዚያ አይደለም፤ ሃይማኖት ጠይቆ ቤት የሚከለክል አከራይም አለ።

ስለ ቤቱ አንድ ነገር ስሚኝ። ከመፈራረማችሁ በፊት በወሩ 23 ማለዳ ሄዳችሁ እዩት። የጊዮርጊስ ቀን ነው። ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ ይወጣል፣ ነጠላ ለባሹ ከቅጥሩ ተርፎ አስፋልቱ ዳር ይቆማል፣ ጧፍ ሻጩና ነዳዩ መተላለፊያውን ይይዙታል። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ኑር መስጊድ አለ፣ እኛ በኒ የምንለው። እኔ ሁለቱንም በአንድ መስኮት ነው የምሰማው። እንቅልፋችሁ ቀላል ከሆነ መኝታ ቤቱ ወደ ጓሮ የዞረ ቤት ፈልጉ።

«ያን ያህል ሃይማኖተኛ አይደለንም» ላልሽው ግን፣ ነገሩ የሚከብደው ለቅሶ ላይ ነው። በ1999ኙ ቆጠራ ከከተማው ነዋሪ 74.7 በመቶው ኦርቶዶክስ፣ 16.2 በመቶው ሙስሊም፣ 7.8 በመቶው ፕሮቴስታንት ነበር። የሰፈር ዕድር ይህን ሁሉ በአንድ መዝገብ ይይዛል፤ ድንኳኑ አንድ፣ ወንበሩ አንድ፣ ሥጋው በሁለት ድስት። መቃብር ላይ ሲደረስ ነው መንገዱ የሚለያየው። ቤተ ክርስቲያን «አጥቢያው የት ነው? የንስሐ አባቱ ማን ናቸው?» ይባላል፤ ሙስሊሙ ወደ ሙስሊሙ መቃብር ይሄዳል፤ ጴንጤውም ለመቃብር ቦታ ስንት ዘመን ተንከራቷል። እኛ ሰፈር አንድ ሰው ነበር፣ ዕድሜውን ሙሉ «እኔ የማንም አይደለሁም» ሲል የኖረ። ያረፈ ዕለት ድንኳኑ ተተክሎ፣ ሬሳው እቤት ተኝቶ፣ የዕድሩ ሽማግሌዎች በር ላይ ቆመው «የት እንውሰደው?» ሲባባሉ እኩለ ቀን አለፈ። በመጨረሻ የእህቱ የንስሐ አባት መጥተው እኔ አለሁበት አሉና ተፈታ። እሱ ቢሰማ ምን ይል እንደነበር እንጃ። ስለዚህ ዛሬ ባታምኑም ከቤተሰብ ጋር በጊዜ ተነጋገሩበት።

ከዋሽንግተን፦ ወንድሜ፣ ነገሩን አጣፈጥከው። መንግሥት እጁን ከሰበሰበ በ2004 አንዋር መስጊድ ዓርብ ዓርብ «ድምፃችን ይሰማ» የተባለው ለምን ነበር? ጥር 2015 ሲኖዶሱ መንግሥት ጣልቃ ገባብኝ ያለውስ?

ከፒያሳ፦ እህታችን የጠየቀችው ስለ ኑሮ ስለሆነ ነው እንጂ ያነሳኸው ልክ ነው። ሁለቱም ያሉት «ማን እንደሚመራን የምንወስነው እኛ ነን» ነው። እኔን የሚገርመኝ፣ አንቀጽ 11ን አንስተው የሚሟገቱት ከሁሉም በላይ አማኞቹ መሆናቸው ነው። ሰኔ 2012 መጅሊሱና የወንጌላውያኑ ካውንስል በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት ሲያገኙ ስንቱ እንደተደሰተ አስታውስ፤ ቤተ ክርስቲያኗ ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጀምሮ ነበራት።

ከስቶክሆልም፦ ዕድሩን አልጨረስክልኝም። ሃይማኖቴን ሳልናገር ይመዘግቡኛል?

ከፒያሳ፦ ይመዘግቡሻል። መግቢያውን ትከፍያለሽ፣ የቤተሰብ ዝርዝር ትሰጫለሽ፤ የሁለታችሁንም ወላጆች አስገቢ፣ ኋላ ላይ ማስጨመር ጭቅጭቅ አለው። ስብሰባው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነው። የቀረ ይቀጣል፣ ቅዳሴ የሄደም ያልሄደም።